ከማታ የሚገባ ቀን

የካቲት 20 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ላሊበላ

የአባቴን ሰዓት ዛሬ ገጥሜ ጨረስኩ። የድሮ የባሕር ጠላቂዎች ሰዓት አምሳያ ነው፤ ባሕር አይተው ለማያውቁ ቄስ! በቤተ መቅደሱ ጨለማ እንዲታያቸው ቀጫጭኖቹን ቆጣሪዎች አውጥቼ ወፍራምና የሚያበሩ ተከልኩበት። በእኛ አቆጣጠር ሞልቼ እጃቸው ላይ አሰርኩላቸው።

ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቀን ማሳያው ከ20 ወደ 21 ዞረ። ንጋት ላይ መዞር ነበረበት። ማታና ጠዋቱን አምታትቼ ሞልቼዋለሁ። በራሴ ተናደድኩ።

“ይስጡኝ አባቴ፣ ተሳስቻለሁ፤ ላስተካክለው።”

እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉ።

“ምኑን ነው የምታስተካክለው? በቤተ ክርስቲያን ቀን የሚገባው ከማታ አይደል?” ቀጥለውም፣ “እናትህ መቼ ነው ያረፈችው?” አሉኝ።

“በሃያ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ።”

“እንግዲያ በሃያ አንድ ነዋ። በእመቤታችን ቀን።”

ይኸን ስንት ጊዜ ነግረውናል። ለመጽናናት የሚሉት እየመሰለን፣ እኛ ልጆቿ ሁልጊዜ በሃያ ነው የምንዘክራት።

አሁን ሰዓቱን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ተቀምጠዋል። ስህተቴን እንዳለ ተውኩት።