ዳዊት ያጠፋቸው ማስጠንቀቂያዎች

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ጠዋት የክሊኒኩ ነርስ ደወለች። "ለሕፃን ሽሮፕ ሁለት ተኩል ሚሊ ብዬ አስገባሁ፤ ፕሮግራማችሁ ሁለት ብሎ አተመው" አለችኝ። ደግነቱ ሳትሰጠው አይታዋለች።

ጀሞ ቢሮ እንደገባሁ ኮዱን እንደገና ኮምፓይል ላደርገው ብዬ ባልደረባዬ ዳዊት ያዘጋጀውን የኮምፓይለር ቅንብር ከፈትኩ። ኮምፓይለሩ ኮዱን ወደ ፕሮግራም ሲቀይር የሚያወጣቸውን የስህተት ማስጠንቀቂያዎች በሙሉ አጥፍቷቸዋል። መልሼ ሳበራቸው ስክሪኑ ሞላ። አንዱ የመድኃኒት መጠን የሚያሰላው የኮዱ ክፍል ላይ ነው፤ ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር እንደሚቆረጥ ይናገራል። ኮምፓይለሩ ያውቅ ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ የኮዱ ክፍሎች አንድም ማስጠንቀቂያ ሳይወጣ ሲገጣጠሙ እያየሁ፣ "የዳዊት ኮድ ንጹህ ነው" እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ከረምኩ።

ጠየቅሁት። ትንሽ እንኳ አላፈረም።

"እንዳትጨነቂ ብዬ ነው የኔ ቆንጆ። ይሠራ የለ እንዴ?"

ስህተቱን አስተካክዬ ለነርሷ ላክሁላት። ከዚያ በኋላ ግን ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

እሁድ እኔን ለማጨት የላካቸው ሽማግሌዎች ሀና ማርያም እኛ ቤት ይመጣሉ። እማዬ ከአሁኑ መጋረጃ አጥባ ሰቅላለች። እኔ እንዳልጨነቅ ብሎ ሌላ ምን እንዳጠፋ ማንን ልጠይቅ?