ኬላው ላይ አልቆም ያለች መኪና

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ናዝሬት

አማቴን ለሕክምና ከመልካሳ ሳመጣ የአሮጌዋ መኪናዬ ነዳጅ መስጫ እንደተረገጠ ቀረ። እግሬን ባነሳም ሞተሩ ይጮኻል፤ ኬላው ደግሞ ፊት ለፊቴ ነው። አማቴ እማማ ብርቄ «ኧረ ቁም!» ብለው ጮኹ። ፍሬን ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። የቆምነው ግን የኬላውን ገመድ በጥሰን ነው። ጠባቂው ጠመንጃውን ደግኖ መጣ። እማማ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ልጄ፣ እምቢ ያለችው መኪናዋ ናት» አሉት። ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ ልተኩስ ነበር እኮ» አላቸው።

ጠባቂው አሳልፎን መኪናዋን አስጎትቼ ናዝሬት ስገባ፣ መካኒኩ አሊ ከነዳጅ መስጫው የሚመጣውን ካቦ አውጥቶ አሳየኝ። ሽቦው ተበጣጥሶ ሽፋኑ ውስጥ እየተያዘ ኖሯል። ካቦውንም፣ ነዳጅ መስጫውን የሚመልሰውን የካርቡሬተሩን ሞላም ቀየረልኝ። «ጋሼ፣ አሁን ያለ ሐሳብ ይንዱ» አለኝ። ደጋግሜ ረገጥኩት፤ ይመለሳል። ልቤ ግን አላመነም።

ራት ላይ ባለቤቴ «መንገድ እንዴት ነበር?» ብላ እናቷን ጠየቀች። እማማ እኔን ሳያዩ «ሰላም ነበር» አሏት።

ነገ በዚያው ኬላ አልፌ እመልሳቸዋለሁ። ጠባቂው ያው ሰው ቢሆን ይሻለኛል ወይስ ሌላ? እንጃ።