የትኛው ቲ ዞ?

ዣክሜል፣ ምድር ከተንቀጠቀጠች በአሥራ ሁለተኛው ቀን

ውድ ኦዳሊ፣

ይህን በብሎጌ ሳይሆን በወረቀት የምጽፍልሽ ካንቺ በቀር ማንም እንዳያነበው ነው። አንቺ ወዳለሽበት ወደ ጓዴሎፕ የምትመለስ ነርስ በእጇ ታደርስልኛለች። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ከየት እንደምነሳ አሁንም አላውቅም።

እንደምታውቂው እኔ የኳስና የካርኒቫል ወሬ ጸሐፊ ነበርኩ። ምድሪቱ «ጉዱጉዱ» ብላ ቤቶቹን በደረመሰች ማግስት ስልኩ ሁሉ ሲሞት፣ የሬዲዮ ጣቢያው የሳተላይት ኢንተርኔት ብቻ ይሠራ ነበር። እኔና ኬትያ፣ ያቺ ስለ ምግብ አሠራር የምትጽፈዋ፣ ኮምፒውተራችንን ይዘን በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ስለ ጎል የምለፈልፍበት ገጽ በአንድ ቀን የተረፉ ሰዎች መዝገብ ሆነ። ሰው ተሰልፎ ስም ያስጽፈናል፤ የውጭ አገር ጋዜጠኞች መልእክት ይልኩልናል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

በሁለተኛው ቀን ሙዝ ጠባሿ እትዬ አናይዝ ሰልፉን ጥሰው መጡ።

«ኮኮዬ! ጻፍ፣ ቲ ዞ በሕይወት አለ!»

«የትኛው ቲ ዞ?» አልኳቸው።

«ምን የትኛው ይላል! ያን የኮኮናት ራስ ተሸክመህ የሰፈርህን ቲ ዞ አታውቅም?»

ሰልፈኛው ሳቀ። ያን ሰሞን የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ እኔም ሳቅኩና ጻፍኩ፦ «ቲ ዞ፣ የገበያው ሰፈር፣ በሕይወት አለ።»

አንቺ ሰዓት ሳይሞላ እዚያው ገጹ ላይ መለስሽልኝ። «ኮኮዬ፣ እጅህ ይባረክ! ወንድሜ ተረፈ! የማጸዳው ቤት ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እመቤቲቱም አብራኝ አለቀሰች።» ከሥሩ ሦስት መቶ ሰው «አሜን» ብሎሻል።

በአራተኛው ቀን ቲ ዞ ሊያመሰግነኝ መጣ። ክንዱ ታስሯል፤ ይስቃል። የእትዬ አናይዝ የእህት ልጅ፣ ከበሮ መቺው ነው እንጂ ልብስ ሰፊው ወንድምሽ አይደለም። አቅፎ ሲስመኝ ደስ ይበለኝ ወይስ ልጩህ ግራ ገባኝ። ሰፈራችን ውስጥ ደግሞ ሦስት ቲ ዞ አለ፤ ቀጭን ልጅ በተወለደ ቁጥር ያንኑ «ትንሽ አጥንት» የሚል ስም እንለጥፍበታለን።

ኬትያ «ዛሬውኑ አርመው» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«ሞቷል» እንዳልል አላውቅም። «አለ» እንዳልል አላየሁትም። መስመሩን እንዳልሰርዘው ከበሮ መቺው በእርግጥ አለ፤ እናቱ ሳንቶ ዶሚንጎ ሆነው በየሰዓቱ ያነቡታል። እንዲህ ስወላውል ስምንት ቀን ዝም አልኩሽ። ፈርቼ ነው፣ ኦዳሊ። ደስታሽን በገዛ እጄ መንጠቅ አቃተኝ።

ወንድምሽ የሚሠራበት ፎቅ ወድቋል። ያን ከሰዓት እዚያ ይኑር ወይም ክር ሊገዛ ወጥቶ ይሁን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ሆስፒታሉን ዞርኩ፤ ኳስ ሜዳው ላይ የተተከሉትን ድንኳኖች አንድ በአንድ ዞርኩ። ሁሉም ቲ ዞን አውቀዋለሁ ይላል፣ ያየው ግን የለም። የማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ መታወቂያ የተገኘባቸው ሟቾች ስም ተለጥፏል። መቶ ስድሳ ስም በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፤ ያወቅሁት ሰባቱን ብቻ ነው። ስንቶቹን በቅጽል ስማቸው ስጠራቸው ኖሬ ይሆን? እናቶቻችን «እውነተኛ ስምህን ለመንገድ አትስጥ፣ ክፉ ይሰማሃል» እያሉ አሳደጉን፤ ይኸው እርስ በርሳችን ተደባበቅን። ከወንድምሽ ጋር ሃያ ዓመት ኳስ ተጫውቻለሁ፤ እሱ የሰፋውን ሱሪ አሁንም ለብሻለሁ። ወረቀት ላይ ማን እንደሚባል ግን አላውቅም። የጥምቀት መዝገቡም ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሥር ተቀብሯል።

ይቅርታሽን ከመለመኔ በፊት ይህን እለምንሻለሁ፤ እናታችሁ ያወጡለትን ስም ጻፊልኝ። ለገጹ ሳይሆን ለእኔ። ይዤው ወደ ግድግዳው እሄዳለሁ። እዚያ ካጣሁት ፍለጋዬን እቀጥላለሁ፤ ካገኘሁትም ከእኔው አፍ ትሰሚዋለሽ እንጂ ዳግመኛ አልደብቅሽም።

ደግሞ ነገ ምድሪቱ እኔን ብትወስደኝ በምን ስም ትፈልጊኛለሽ? አንቺም የእኔን አታውቂም።

ያንቺው ኮኮዬ፣
በወረቀት ዣን-ዊልነር ሴንቲሉስ