ስንት ሰው ይዘሽ ነበር?

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምናፍቅዎት አባቴ፤

ካለሁበት እዚያ ድረስ የሚዘረጋ እጅ ቢኖረኝ ጉልበትዎን ስሜ ነበር የምጀምረው፤ ስለሌለኝ በወረቀት ይቀበሉኝ። ለመሆኑ እንዴት ከርመዋል? ወገብዎ ተሻለው ወይ? ዐይንዎስ? ባለፈው የግራው ከቀኙ ይሻላል ብለው ነበር፤ አሁንም እንደዚያው ነው ወይስ ተራ ተለዋወጡ? እንቅልፍ ይወስድዎታል? የእማዬ ጉልበት በዚህ ብርድ እንዴት ሆነ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አንዳች የጎደለብኝ ነገር የለም፤ ተመስገን ደህና ነኝ። ደህንነቴን ከማን እንዳገኘሁት ልነግርዎ ነው ዛሬ ብዕር ያነሣሁት።

ታናሽ እህቴ ሆይ፣ መቼም አንቺ ነሽ ይህን የምታነቢላቸው። ከዚህ በታች የሚያሳፍረኝ ነገር አለና እንዳትዘይው። ብትዘይውም ድምፅሽ ያስታውቅብሻል፤ አባታችን የደከማቸው ዐይናቸው ነው እንጂ ጆሯቸው አይደለም።

አባዬ፣ ጢማሙን በሃያ ሰከንድ ቀድሜ ድልድዩን ተሻገርኩ ብዬ ሁለት ገጽ ሙሉ የፎከርኩበትን ደብዳቤ ያስታውሱታል? እማዬ ደግሞ የምን ድልድይ ነው ማለቷ ስለማይቀር ከሥሩ ላስረዳ። የልብስ ፋብሪካችን ሁለት የሠራተኛ ሰርቪስ አለው። አንዱን እኔ እነዳለሁ፤ ሌላውን ሁላችንም ጢማሙ የምንለው ሾፌር ይነዳል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከአንድ አደባባይ እኩል እንነሣ ነበር። መንገዱ የጣውላ መጋዘኑን አልፎ ይታጠፍና አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ድልድይ ላይ ያወጣል። ቀድሞ የደረሰ ያልፋል፤ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። የፋብሪካው በር ላይ ደግሞ ቦርሳ የሚፈትሽ አንድ ጥበቃ ብቻ ነበር። ኋላ የደረሰው ሰርቪስ ሰው ከዚያ ሁሉ ቦርሳ ኋላ ይሰለፍና ሻዩን ሳይቀምስ ደወል ይደወልበታል።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው በሻይ ነው። ተሳፋሪዎቼም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ቅደሚው፣ አታሳልፊው ይሉኛል፤ ስቀድም ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ይደርሳል። በዕድሜዬ ያን ያህል ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ጣፈጠኝ።

ለምን እንደጣፈጠኝም አውቃለሁ። እርስዎ ዕድሜ ልክዎን በጭነት መኪናዎ ሲሚንቶ ሲያመላልሱ ኖረው ሌሎቹ ሾፌሮች «እንቁላል ጫኙ» ይሉዎት አልነበር? የሌላው ልጅ አባት ማታ ሲገባ የእኔ አባት በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ክላክስ እንኳ ሳያሰማ፣ ቀስ ብሎ ይገባል። ትምህርት ቤት ስሜ የእንቁላል ጫኙ ልጅ ነበር። እርስዎ ሲሰሙት ይስቁና ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ ነበር፤ እኔ ግን ቆሽቴ ያርር ነበር። መሪ የጨበጥኩ ቀን ያን ስም ከቤታችን ላነሣው ለራሴ ማልኩ። ይህን ነግሬዎት አላውቅም።

መልስዎ መጣ። ሰላምታው፣ የእማዬ ጉልበት፣ የጎረቤት ወሬ፣ ሁሉም አለበት። ከሥር ደግሞ አንዲት መስመር ነበረች። «ልጄ፣ ስንት ሰው ይዘሽ ነበር?» ይላል። ቁጣ የለውም፤ ምክርም የለውም። ወረቀቱን አጥፌ የወንበሬ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና ሳምንቱን ሙሉ ተነጫነጭኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ደብዳቤ ልኬያለሁ፤ ሁለቱም ላይ ጥያቄዎን እንዳላየ ሰው ዘልዬዋለሁ። እርስዎም አልደገሙትም። ያናደደኝ ምን እንደነበር ያኔ አልገባኝም፤ አሁን ገብቶኛል። መልሱን አላውቀውም ነበር። ሃያዋን ሰከንድ አሳምሬ አውቃታለሁ፤ ከኋላዬ ስንት ሰው እንደተቀመጠ ግን ዞር ብዬ አላየሁም።

እርስዎ ጋቢናው ውስጥ ሰው አሳፍረው ሳይቆጥሩ ተነሥተው አያውቁም። እኔ ብቻዬን ስሆን እንኳ ዞር ብለው አይተውኝ «አንድ» ካሉ በኋላ ነበር ቁልፍ የሚያዞሩት። እኔ ሞኟ ቁጥር የሚያስተምሩኝ ይመስለኝ ነበር።

መልስዎ በደረሰኝ ሰሞን ነው። ሰርቪሴ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የምትተክል ሠራተኛ አለች፤ ቁልፍ ተካይዋ ነው የምንላት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮት በኩል ትቀመጣለች፤ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም ነበር። አንድ ጠዋት ከጢማሙ ጋር ጎን ለጎን ሆነን ስንከንፍ ከኋላ «ወራጅ አለ» አለች። ጣውላ መጋዘኑ አጠገብ ነን፤ እዚያ ማንም ወርዶ አያውቅም። ሰዉ ሳቀ። ቆምኩላት፤ ወረደች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ጢማሙ በዚያ ቀን ቀደመኝና እሷን ስረግም ዋልኩ።

በማግስቱ አደባባዩ ላይ አልነበረችም። ከቤቷ በሌሊት እየወጣች በእግሯ መሄድ ጀምራለች። በሳምንቱ እትዬ ካውያ ተከተሏት፤ እሳቸው ልብስ የሚተኩሱ፣ በዕድሜ ከእማዬ የማይተናነሱ ሴት ናቸው። ከዚያ ሁለት ጨርቅ ቆራጮች ተጨመሩ፤ ከዚያ ሌሎች ሁለት፤ ስድስት ሆኑ። እኔ ለጢማሙ ምን እንዳልኩት ልንገርዎ? ይሂዱ፣ እንዲያውም መኪናው ቀለለልኝ አልኩት።

ወር ያህል ቆይቶ፣ ካፊያ የሚጥልበት አንድ ጠዋት፣ ጢማሙን ከመታጠፊያው በፊት ልቅደም ብዬ ወደ መንገዱ ጠርዝ ወጣሁ። ስታጠፍ ስድስቱ ፊቴ ናቸው። የመንገዱ ዳር ለቦይ ተቆፍሮ ስለነበር አስፋልቱ ላይ በሰልፍ ይሄዳሉ፤ ቁልፍ ተካይዋ ከፊት፣ እትዬ ካውያ ጃንጥላ ይዘው ከኋላ። ፍሬን ረገጥኩ፤ ጎማው ግን በእርጥቡ ላይ ተንሸራተተ። ስፖኪዮው የእትዬ ካውያን ጃንጥላ ከእጃቸው ነጥቆ ወሰደውና መኪናው የቦዩ አፋፍ ላይ ቆመ። ሰው አልተነካም። አባዬ፣ ደግሜ ልጻፈው። ሰው አልተነካም።

ስድብ ጠበቅሁ፤ ስድቡ በተሻለኝ ነበር። ቁልፍ ተካይዋ ወደ መስኮቴ መጣችና ድምፅዋን እንኳ ሳታነሣ፣ «የወረድነው እኮ እንዳትገድይን ብለን ነበር» አለችኝ።

ከዚያም መኪናው ውስጥ የነበሩት አንድ በአንድ ወረዱ፤ ሲያጨበጭቡልኝ የነበሩት ሁሉ። አንዷ ከንፈሯ ደምቷል፤ አንዱ ጫማውን ከወንበር ሥር ፈልጎ አጣውና በአንድ እግሩ ወረደ። ድልድዩን በእግራቸው ተሻገሩ፤ እኔም ባዶ መኪና ይዤ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ከኋላቸው። የጢማሙም ፊት አመድ መስሎ ነበር፤ ክላክስ ሳያሰማ ተከተለኝ። ያን ቀን ማንም ሻይ አልጠጣም።

የስምሪት ኃላፊው ሁላችንንም ሰብስቦ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሥራዬም መንጃ ፈቃዴም በእነሱ አንደበት ላይ ነበር። እንዲዋሹልኝ አልፈለግሁም ብል ውሸት ነው፤ ፈልጌ ነበር። ቁልፍ ተካይዋ ግን አልዋሸችም፤ ደግሞም አልጣለችኝም። «ተሽቀዳድማለች፤ እኛም አጨብጭበናል» አለች። «ጥፋቱን ለእሷ ብቻ አትስጡት።» እትዬ ካውያ ደግሞ ለአንድ ስኒ ሻይ ሰው ከሚሞት በሩ ላይ አንድ ፈታሽ ጨምሩ አሉ። ሁለታችንም ሾፌሮች ለአንድ ወር ከመሪ ተነሥተን ፋብሪካው መጋዘን ተመደብን፤ ሰርቪሶቹን ሌሎች ሾፌሮች ያዙ። በሩ ላይ ሁለተኛ ፈታሽ ቆመ። ሰርቪሶቹም በአሥር ደቂቃ ልዩነት፣ በየሳምንቱ ተራ እየተለዋወጡ እንዲነሡ ተደረገ። መፍትሔው ይኸው ነበር፤ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ማን ያየው!

በዚያ ወር ሰርቪስ መሳፈር አፈርኩ። እትዬ ካውያም ሾፌር ቢለወጥም የመንገዱ ጠባይ ባንድ ቀን አይለወጥም፣ ወር እንየው ብለው ስድስቱ ከእግር መንገዳቸው ስላልተመለሱ ከእነሱ ጋር መሄድ ጀመርኩ። በመኪና ስድስት ደቂቃ የነበረው በእግር አንድ ሰዓት ሆነ። መኪና ሲያልፍ ነፋሱ ቀሚስ እንደሚጎትት፣ ጣውላ መጋዘኑ ፊት ያለው ጉድጓድ ውኃ ሲቋጥር ስንት ሰው ላይ እንደሚረጭ ያወቅሁት ያኔ ነው። ስንቱን እንደረጨሁ አንድዬ ይወቀው። አንድ ቀን ስለ እርስዎ አጫወትኳቸው፤ ሲሚንቶውን፣ ስምዎን፣ በማግስቱ መግባትዎን። እትዬ ካውያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «እንቁላል ጫኟ» ሆኖ ቀረ። ስጠራ አቤት እላለሁ አባዬ፤ እንዲያውም ደስ እያለኝ።

ቁልፍ ተካይዋ ጣውላ መጋዘኑ በር ላይ ያለች ግንድ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ታርፍ ነበር። አሞሻል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ነፍሰ ጡር ነኝ አለችኝ። መሆኗን ያወቀችው ከሰርቪሴ በወረደችበት ዋዜማ ነው፤ ለባሏ እንኳ ገና አልነገረችም ነበር። እኔ ያን ቀን ስረግማት የዋልኩት አንድ ሰው መስላኝ ነው።

ትናንት ከሥራ መልስ ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ። ወልዳለች፤ ሴት ልጅ ናት፤ እናትና ልጅ ደህና ናቸው። ሕፃኗ እያዛጋች ተቀበለችኝ፤ ጠባይዋ የእርስዎ ነው፣ አትቸኩልም። ስወጣ ቁልፍ ተካይዋ ከአልጋዋ ላይ ሆና፣ «ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮት በኩል፣ ለማንም እንዳትሰጪብኝ» አለችኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የዚያን ያህል የተመሰገንኩበት ቀን የለኝም። ቤቴ እንደገባሁም ወረቀት ፈልጌ ለዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

አባዬ፣ አመሰግንዎታለሁ። በማግስቱ ረፋድ ስለገቡ አመሰግንዎታለሁ፤ መግባትዎን እንጂ ማርፈድዎን ማን ያስታውሰዋል? ዶሮ ሲሻገር ቆመው ሾፌር ሁሉ ሲስቅብዎ መስኮትዎን ዘግተው ስለጠበቁ፣ እኔንም በቁጣ ሳይሆን በአንዲት ጥያቄ ስለገሠጹኝ አመሰግንዎታለሁ። ቁጣ ቢሆን ተከራክሬዎት እረሳው ነበር። መሪው ከተመለሰልኝ ጀምሮ ቁልፍ ከማዞሬ በፊት ተነሥቼ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሳቁብኝ፤ አሁን ቁጥሩን ተቀብለው ይጨርሱልኛል።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ በሉልኝ፤ ብርድ ላይ አትቀመጥ። አክስቴ ስለ መንገዴ የምትጸልይልኝ ጸሎት ደርሶኛል፤ እንዳታቋርጥ። ለጎረቤታችን መካኒክ፣ ፍሬን ፈትሽልኝ ስለው እንዴት ይስቅብኝ እንደነበር አልረሳሁም፤ ሰላም በሉልኝ። ግቢው ውስጥ ዝጎ የቆመው የጭነት መኪናችንም ሰላም ይባል፤ ዶሮዎቹ ቢያድሩበት አይቆጡ፣ ድሮም ቆሞ ያሳልፋቸው ነበር። ታናሽ እህቴ፣ ሳትዘይ እዚህ ድረስ ስላነበብሽ እስምሻለሁ። አሁን ቀና በይና የመጨረሻውን ፊት ፊታቸውን እያየሽ አንብቢላቸው።

የጠየቁኝን ከስምሪት ክፍል ወረቀት ላይ ፈልጌ አገኘሁት። ጢማሙን በሃያ ሰከንድ በቀደምኩበት ጠዋት የተሳፈሩት ሠላሳ ስምንት ናቸው። ከእኔ ጋር ሠላሳ ዘጠኝ። እናቷ እንኳ ገና ያላወቀቻት ደግሞ አንዲት ነበረች። አርባ ሰው ይዤ ነበር፣ አባዬ።

ልጅዎ

ከሰርቪሱ መቆሚያ፣ መሪው ላይ ተደግፌ የጻፍኩት
ሰኔ 11 ቀን