ሱቁን ዘግቼ አሸተን የወጣሁ ዕለት

ለውዱ አባዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በሙሉ አእምሮዬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እናዘዛለሁ። ባለፈው ሰኞ ሱቃችንን በጠራራ ፀሐይ ቆልፌ ጠፍቻለሁ። ቁልፉን የደበቅኩት ካልሲዬ ውስጥ ነው። ካልሲውም ለሽያጭ የተቀመጠ ነበር። ለመምሬ ካሳ ሳልናገር ላንተ የማስቀድመው እሳቸው ንስሐ ሲሰጡ ስግደት ላይ እጃቸው ስለማይሰስት ነው። አንተ ግን ሳቅህን ልትደብቅ ጀርባህን ትሰጠኛለህ እንጂ ምንም አትለኝም።

ከተለየኸን ስምንት ወር ከምናምን ቀን ሆነ። ምናምኑን እማ ታውቀዋለች። እኔ መቁጠር ያቆምኩት ቀለህብኝ አይደለም፤ ከባንኮኒው ጀርባ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖብኝ ነው። አንተ ካረፍክ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀጥታ እዚህ ነው የምቀመጠው። ወደ ግራ ሁለት እርምጃ፣ ወደ ቀኝ ሦስት። በበሩ የሚታየኝ አንድ የመብራት ምሰሶ፣ የሆቴሉ አጥር ግማሽ፣ ከጣሪያው በላይ ደግሞ የአሸተን ተራራ ትከሻ ነው። ጫፉ አይታይም። ጫፉን ለማየት ደጅ መውጣት ያስፈልጋል፤ ደጅ ለመውጣት ደግሞ ፈቃድ።

ሕጉን ያወጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ሙት ዓመትህ እስኪወጣ ድረስ ሚስትህና ልጅህ ለደስታ ከቤት አንወጣም። ለለቅሶ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለአራስ ጥየቃ ይቻላል። ዝም ብሎ ተራራ ለማየት መሄድ ግን ነውር ነው። አያ ወርቁ፣ የእድራችን ዳኛ፣ ይህን ፊታቸውን ቋጥረው ሲነግሩኝ እግራቸው ላይ ምን እንዳጠለቁ ብታይ! አናናስ የተሳለበት ሮዝ ካልሲ።

አዎ፣ ያ ያንተ ካልሲ ነው። ቱሪስቶቹ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ስለሚያወልቁ፣ ቁንጫውንም ፈርተው ይሁን ብርዱን፣ ካልሲና የእጅ ባትሪ ሳይገዙ አያልፉም ነበር። «ውስጡ ጨለማ፣ ወለሉ ድንጋይ እስከሆነ ድረስ እኛ አንራብም» ትል ነበር። ጨለማውም ድንጋዩም እንዳሉ ናቸው፤ መምጣት ያቆመው ቱሪስቱ ነው። እማ የተከመረውን ካልሲ ለሰፈሩ ሰው በርካሽ ለቀቀችው። አሁን የመንገዳችን ሽማግሌ ሁሉ ከቁርጭምጭሚት በላይ ሐዘንተኛ፣ ከቁርጭምጭሚት በታች ሠርገኛ ነው።

መንገዳችንንም ብታያት አታውቃትም። ከመታጠፊያው እስከ ሆቴሉ አሥራ አንድ ሱቅ ነበርን፤ አሁን ጠዋት በር የምንከፍተው አራት ነን። ከፊት ለፊታችን የነበረው ፎቶ ቤት መጀመሪያ ጁስ ቤት ሆነ፣ ቀጥሎ ፑል ቤት፣ አሁን የገለባ መጋዘን ነው። ግድግዳው ላይ የተሳለው ፏፏቴ ግን እንዳለ ስለሆነ፣ ገለባ ሊወስድ የሚገባ ሰው ሁሉ ሳያስበው ፀጉሩን አስተካክሎ ይገባል። ሆቴሉ አበባ በነበረበት ቦታ ጥቅል ጎመን ዘርቷል። ዘበኛው እንደ ድሮው ኮፍያውን ደፍቶ ይቆምና ጎመን ሊገዛ የመጣውን ሁሉ «ዌልካም» ይላል። ያቺ ፒዛ የምትሸጠው ሴትዮም ሰሌዳዋን አላወረደችም። ውስጥ ያለው ሽሮ ብቻ ነው። «ፒዛውስ?» ስትባል «ሊጡ አልነሳም» ትላለች። ይኸው ሁለት ዓመት ሊጡ አልነሳም።

ንግዱ ጠቅልሎ ወደ መናኸሪያው ሸሽቷል። በገና ሰሞን እንግዶች መጥተው ለሦስት ቀን ነፍስ ዘርተን ነበር፤ አቧራውን አራግፈን ሳንጨርስ ሄዱ። ስለዚህ እዚህ ሰፈር አንድ በር ተዘግቶ ከዋለ ማንም «የት ሄዱ?» አይልም። «አለቀለት» ነው የሚለው። ይህችን ያዝልኝ፤ ጉዱ የመጣው ከዚህች ነው።

አንተ ግን በደህናውም ዘመን በወር አንድ ሰኞ ትዘጋ ነበር። የቅዳሜ ገበያ ካለፈ ሰኞ ደንበኛ የለም ትላለህ፤ ሰበብ መሆኑን ከእማ በቀር የማያውቅ አልነበረም፣ እሷም የምታውቅ ይመስለኛል። ጎረቤቶቹ «ደንበኛ ሲመጣ ባለ ሱቁ ተራራ ላይ!» ብለው ሲስቁብህ «ደንበኛውስ የመጣው ተራራ ሊያይ አይደል? እኔ ዓይን የለኝም?» ትላቸው ነበር። ለእኔ ደግሞ በየወሩ «ልጄን ሆዷን አሟታል» የሚል ወረቀት ለመምህሬ ትጽፍልኛለህ። መምህሬ አዝና እማን አስጠርታ «ይህች ልጅ ጠበል ብትጠመቅ» ያለቻት ትዝ ይልሃል? እማ ሦስት ቀን በብርድ አስጠመቀችኝ። አንተም ምስጢሩ እንዳይወጣ ብለህ «እኔንም ሆዴን ይቆርጠኛል» ብለህ አብረኸኝ ተጠመቅክ። ከዚያ የበለጠ ማንም ወዶኝ አያውቅም።

አሸተን ስንወጣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይዘን ነበር። ጋሸና ግን ሌላ ነገር ነው። ሚኒባሱ ከጠመዝማዛ ጠመዝማዛ እያላጋን እንወጣና፣ መንገዱ የሚገነጠልበት ቦታ ከባድ መኪኖቹ የሚቆሙበት ምግብ ቤት ተቀምጠን ጥብስ እናዛለን። ከዚያ የሸራውን ቅርጽ እያየን ምን እንደጫኑ እንወራረዳለን። አንተ ሁልጊዜ ሲሚንቶ ነው የምትለው። አንዱ መኪና ውስጥ በግ ሲጮህ እንኳ «ከሲሚንቶው ላይ በግ ጭኗል» ብለህ ሙጭጭ አልክ። ሾፌሮቹን «ወዴት ነው?» ትላቸዋለህ፤ አንዱ ወልድያ፣ አንዱ ጎንደር፣ አንዱ እኔ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ አገር። ሲመልሱልህ ፊትህ የሚበራው አንተ ራስህ የምትሄድ ይመስል ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደግሞ ቤታችን ነን። ለካ ያ ሁሉ ነፃነት አንድ ቀን እንኳ አይሞላም ነበር።

እማ አንድም ቀን አብራን አልሄደችም። ስንጠራት «እዚያ ምን ጠፋኝ?» ትላለች። ድንቹን የምትቀቅልልን ግን እሷ ነበረች።

እንግዲህ ሰኞ እንዲህ ሆነ። መምህራኑ ፈተና ሊያርሙ ትምህርት ቤቱን ዘግተውልናል። እማ ከከተማ ወጣ ብላ ያለች አራስ ዘመዷን ልትጠይቅ በማለዳ ተነሳች። ጉልበቷን ስለሚያማት ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈው ባጃጅ ላይ አወጧት። ጋቢ ተከናንባ ነበር። እኔ ሱቅ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል የመጣው ደንበኛ አንድ ዝንብ ነው፣ እሱም ሳይገዛ ሄደ። ሰማዩ ጠርቷል። የተራራው ትከሻ በበሩ አሻግሮ ያየኛል። ከቁርስ የተረፈ ድንች ቋጠርኩ። ቆለፍኩ።

ተራራውን ስወጣ ያለፈው ስምንት ወር እንደ ድንጋይ አንድ በአንድ ከደረቴ ላይ እየወረደልኝ ነበር። አፋፉ ላይ፣ አንተ «ሳሎናችን» የምትለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከታች ከተማው የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ሆኖ ይታያል፤ የቱ ሱቅ እንደከሰረ የቱ እንደቆመ ከዚያ አይለይም። ላለቅስ ነበር ያሰብኩት። አልመጣልኝም። ድንች አነቀኝ፣ ሳልኩ፣ ሳቅኩ፣ ላንተ የሆነ የሆነውን ቀባጠርኩ።

እታች የሆነውን ደግሞ ኋላ ከምስክሮች አንደበት ሰብስቤዋለሁ። አያ ወርቁ አራት ሰዓት ላይ ለሬዲዮናቸው ባትሪ ድንጋይ ሊገዙ መጡ። በሩ ተቆልፏል። አንኳኩ፣ ተጣሩ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ብቅ ብላ «ጠዋት ደግፈው ባጃጅ ላይ ሲጭኗት አይቻለሁ» አለቻቸው። «ወዴት?» «ሆስፒታል ነዋ፣ ወዴት ይሆናል! ሐዘኑ ነው የጎዳት።» ወሬው ፒዛ ቤቷ ጋ ሲደርስ እማ በጠና ታማ ነበር። ገለባ መጋዘኑ ጋ ሲደርስ ታጣጥራለች። ሆቴሉ ጋ ሲደርስ አርፋለች። ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ።

ስልክ የደወለ የለም ወይ ትለኛለህ። ደውለዋል። ገጠሩ ኔትወርክ የለውም። «ጥሪ አይቀበልም ይላል» ሲሉ እትዬ ጥሩ «ከየት አባቷ ትቀበል፣ ምስኪን!» ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። አያ ወርቁ ጡሩምባ አስነፉ። ከቀትር በፊት የእድሩ ድንኳን ከነወንበሩ በራችን ላይ ተተክሏል።

ስድስት ሰዓት ላይ እማ ተመለሰች። ባጃጁ ታጠፈ፣ ድንኳኑን አየች። እንግዲህ አስበው፤ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለት ነን። እሷ በሕይወት አለች። ድንኳኑ የማን ሊሆን ነው? «ልጄን!» ብላ ከባጃጁ ራሷን መሬት ላይ ጣለች። ለቀስተኛው መጀመሪያ ሟቿ ራሷ ለቅሶ ስትደርስ አይቶ ደነገጠ፤ እትዬ ጥሩ ወንበር ሥር ገባች ይባላል። ወዲያው ግን «ልጄን» የምትለውን ሲሰሙ፣ ለካስ ልጅቱ ናት ብለው እንደገና ለእኔ ማልቀስ ጀመሩ። አያ ወርቁ ተነስተው «ሽማግሌ አክባሪ፣ አንገቷን የደፋች ጨዋ ልጅ» ብለው አሞገሱኝ። በቁሜ አንድም ቀን እንዲህ ተብዬ አላውቅም። አለመስማቴ ይቆጨኛል።

እኔ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስወርድ ከመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ድንኳኑን አየሁት። የሆቴሉን አጥር ለየሁ፣ ምሰሶውን ለየሁ፣ በሮቹን ቆጠርኩ። የእኛ ነው። እኔ እዚህ ቆሜያለሁ፤ ስለዚህ እማ ናት።

አባዬ፣ እዚህ ላይ መቀለድ አልችልም። ከዚያ እስከ ሱቁ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ነጠላዬ የትኛው ቁጥቋጦ ላይ እንደቀረም አላውቅም። «ድንች ስበላ ነው የሞተችው» እያልኩ ነበር የምሮጠው። ስደርስ እማ ከመሬት ተነሳች፣ በጥፊ አለችኝ፣ አቀፈችኝ፣ ደግማ በጥፊ አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ላንተ ያላለቀስነውን አለቀስን። በቀብርህ ዕለት ሰው ስናስተናግድ ነበርና።

ድንኳኑ ከተተከለ አይቀር ብለው ሽማግሌዎቹ እዚያው ጉባኤ ተቀመጡብኝ። አያ ወርቁ «በሕይወት ያለ ሰው ድንኳን ሲያስተክል በዕድሜዬ አላየሁም። ወደፊት በደንቡ ስትሞቺ እንኳ ይህን ያህል አታደክሚንም» አሉኝ። ፍርዱ፣ እስከ ሙት ዓመትህ ከሱቁ ደጃፍ እንዳላልፍ። ይኸው ወንበራቸውን ወደ በራችን አዙረው አናናሳቸውን ዘርግተው ይጠብቁኛል።

እሱን እችለዋለሁ። የማልችለው እማን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጓዳ ብገባ ትጠራኛለች። ሽንት ቤት ብዘገይ ትጠራኛለች። እሁድ ለቅዳሴ አልወጣችም፤ ጉልበቴ ነው አለች፣ ጉልበቷ አይደለም። የእኔ ቅጣት ሙት ዓመትህ ሲወጣ ያልቃል፤ የእሷ መቼ እንደሚያልቅ ግን የፈረደ ሽማግሌ የለም። ዓለሟ በየቀኑ እየጠበበ ከመደርደሪያው እስከ በሩ ሊቀር ነው። በዚህ ዓይነት ሙት ዓመትህ ቢወጣም እሷ አትወጣም፤ እሷ ካልወጣች ደግሞ እኔ የት እሄዳለሁ?

ትናንት ደፍሬ «እማ፣ አንድ ሰኞ ብቻ፣ ጋሸና፣ ምሳ በልተን እንመለስ» አልኳት። እዚያ ምን ጠፋኝ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ካልሲ እያጣጠፈች ቆየችና «የት ጋ ነበር የምትቀመጡት?» አለችኝ። በመስኮቱ በኩል፣ መገንጠያውን እያየን፣ አንተ ጀርባህን ለግድግዳው ሰጥተህ አልኳት። ማጣጠፏን ቀጠለች፤ ያጣጠፈችውን መልሳ እያጣጠፈች።

ዛሬ እንደገና ሰኞ ነው፣ ዕረፍታችንም ዛሬ ያልቃል። ይህን የምጽፍልህ ባንኮኒው ሥር ቁጢጥ ብዬ ነው። ሙት ዓመትህ ሲወጣ ጥቁሩን ልብስ አወልቃለሁ፤ አንተን ግን አላወልቅም። የሄድንበትን መንገድ ሁሉ ከነጠመዝማዛው፣ ሆዴን ያመመኝን ሰኞ ሁሉ ከነውሸቱ እይዝልሃለሁ። እማንም ቢሆን

ቆይ፣ ደጅ ላይ ከአያ ወርቁ ጋር እያወራች ነው።

«አያ ወርቁ፣ ዛሬ ዘግቼ ልውል ነው። ሁለታችንም ደኅና ነን፤ ለሰዉ ንገሩልኝ።»

«ወዴት ነው ደግሞ?»

«ጋሸና። ምሳ ልንበላ።»

«በሐዘን ላይ? ኧረ አንቺ ሴት፣ ሰው ምን ይላል?»

«የሚለውንማ ባለፈው ሰኞ ብሎ ጨርሷል።»

እግሯ ወደዚህ እየመጣ ነው። መዝጊያው ሲጎተት ይሰማኛል። ብርሃኑ ቀነሰ፣ ጥላዋ ወረቀቱ ላይ ወደቀ፣

«ማስተዋል! ያን ወረቀት አስቀምጪና ጫማሽን አድርጊ!»