ጓድ ሣህሉን በሕግ አምላክ ስለማቆሜ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለመሪጌታ መርስዔ ኀዘን፣
ጎርጎራ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን ስሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ወገብዎስ ማሕሌት መቆሙን ቻለው? እናቴስ ዓይኗ ተሻላት? እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ደስታው እንቅልፍ ነስቶኛል! ይህን ደብዳቤ በፖስታ መላኩን ትቼ በጀልባ ለሚሻገረው ለተክለ ጊዮርጊስ የሰጠሁት ለምን እንደሆነ ሲያነቡ ይገባዎታል።

ማክሰኞ ዕለት ስልክ ቤት፣ ማዞሪያው ላይ ተቀምጬ ፀሐይወርቅ የምትባል ጎረቤታችንን አዲስ አበባ ሆስፒታል ከተኛው ባሏ ጋር አገናኘኋት። ገና ሰላም ሳይባባሉ የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ ሣህሉ ዘው ብሎ ገባና ማዳመጫውን አምጪ፣ የሚያወሩትን ልስማ አለኝ። የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዞ እንደሆነ ብጠይቀው፣ ፈቃዱ እኔ ነኝ ብሎ እጁን ሰደደ።

አባቴ፣ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ብድግ ብዬ በሕግ አምላክ! አልሁት። ያ አምላክ የለም እያለ ሲሰብከን የኖረ ሰው ባለበት ደርቆ ቀረ! የአንበሳሜ ገበሬ ልጅ አይደል፣ በሕግ አምላክ ከተባለ አንዲት እርምጃ እንደማይኬድ ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። እጁ እንደተዘረጋ፣ በየትኛው ሕግ? አለኝ። ባለፈው ክረምት በቀበሌ አዳራሽ ራስዎ ባነበቡልን፣ በጥር ድምፅ በሰጠንበት፣ የሰው መልእክት ምስጢሩ ይጠበቃል በሚለው ሕገ መንግሥት አልሁት። በገዛ አፉ ያነበበውን ምን ብሎ ይካደው! ባልደረባዬ የሺአረግ ሳቋን ልትውጥ ስትል ትን አላት። እሱ ወጥቶ ሄደ፤ ፀሐይወርቅም ከባሏ ጋር እስኪበቃት አወራች።

ትናንት ግን፣ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ቅረቢ የሚል ጥሪ መጣብኝ። አለቃዬ ለአንድ ስልክ ይህን ሁሉ? ይቅርታ ጠይቂና ይለፍ ቢለኝ፣ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች አልሁት። አልዋሽዎትም፣ ፈርቻለሁ። ግን እንደዚህ ሰሞን ቀና ብዬ ሄጄ አላውቅም።

እናቴን በሁለት ጉንጯ ይሳሙልኝ፤ ለእሷ ደስ ደስ የሚለውን ብቻ ያንብቡላት። እህቴ የብርጓል ትምህርቷን እንዳታቋርጥ፣ ወንድሜ አለበልም ማዕበል ሲነሳ መረቡን ትቶ እንዲወጣ ይንገሩልኝ።

በማግስቱ ዓርብ ከወደቡ ስልክ ባሕር ዳር ይደውሉ። የማነሳው እኔ ከሆንሁ ያን ጊዜ አብረን እንስቃለን። ሌላ ሰው ካነሳ ግን የት ሄደች ብለው አይጠይቁ፤ ሰው ይሰማል። ዝም ብለው በሚቀጥለው ጀልባ ይምጡልኝ።

ልጅዎ ወለላ
ባሕር ዳር፣ መጋቢት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.