በደቦ ስለወደቀው ሰርቨር

የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
ላሊበላ

ለተከበሩ የ«ጎህ» የፈተና ምዝገባ ማዕከል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የሰርቨርዎስ ጤና? እኔ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አቤት» ለማለት ድምፄ የሚጠፋብኝ ልጅ ስለሆንኩ፣ ለእርስዎ መጻፌ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ይህን ወረቀት በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የምለጥፈውም ቢሮዎ ገብቼ መናገር ስለፈራሁ ነው።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች በስልክ እንድንመዘገብ ሲያደርጉ፣ «ገጹ እምቢ ካለ ሳትሰለቹ ደጋግማችሁ ሞክሩ፤ ኅብረተሰቡም ይተባበር» ብለው አሳስበውን ነበር። ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም በሚወስደው መንገድ ያለው መንደራችን ትእዛዝ አክባሪ ነውና ተባበረ።

አንደኛ፦ እናቴ ወለተ ሩፋኤል ለአጨዳ እንደምትጠራው ደቦ ጠራች፤ ንፍሮም ቀቀለች። ስልክ ያለው ጎረቤት ሁሉ አመሻሹ ላይ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥቶ የእኔን የምዝገባ ቁጥር አስገባ። መምሬ ሰይፈ ሥላሴ «ቆይ! ማንም ቀድሞ እንዳይነካ!» ብለው ባርከው ሲጨርሱ፣ ሙስሊሟ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡም «ቢስሚላህ» ሲሉ፣ ሁሉም «መዝግብ» የሚለውን በአንድ ጊዜ ተጫነ። ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። «ጠንከር አድርጋችሁ ነዋ!» አሉ መምሬ። በማግስቱ ተራው የእትዬ ዘነቡ ልጅ የነሲባ ነበር። በሌሎቹም መንደሮች እንዲሁ ሲደረግ እንደሰነበተ የክፍል ጓደኞቼ ነግረውኛል።

ሁለተኛ፦ ሰርቨርዎ ምሽት ምሽት በድንገት እየተጨናነቀ ሲወድቅ ባለሙያዎችዎ ያሳዩት ትጋት ልብ ይነካል። የማዕከልዎ የበር ጥበቃ እንዳወሩልን፣ ሞቆት ነው ብለው ማራገቢያ አቆሙለት፤ ደክሞት ነው ብለው አጥፍተው አበሩት። እኛን ግን ምን እያደረጋችሁ ነው ብሎ የጠየቀን የለም። በመጨረሻም «ማንነቱ ያልታወቀ ኃይል ጥቃት ከፍቶብናል» ብለው ለጠፉ፤ ከብዙ ስልክ የተሞከረውንም ቁጥር ሁሉ ዘጉ። የእኔም ተዘጋ። ኃይል ተብዬ ስጠራ ይህ የመጀመሪያዬ ነውና ስለ አክብሮትዎ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ በገና ዋዜማ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው በሚያሻግረው ጠባብ ዋሻ ሕዝብ ሲተፋፈግ፣ ዲያቆናቱ ተራ ያስይዛሉ እንጂ የመጣውን ሁሉ ወንበዴ ነው ብለው አይመልሱም። ዲያቆናቱ ግን እንደ እናንተ ሥልጠና አልወሰዱምና አይፈረድባቸውም።

አራተኛ፦ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ትምህርት ቤታችን ለዓመታት ተዘግቶ በመክረሙ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ገና ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ዘንድሮ ካመለጠኝ ኮን ከተማ ያለችው አክስቴ ሱቅ እንድጠብቅላት ልትወስደኝ ከአባቴ ጋር ተነጋግራለች። እናቴም «እኔው ነኝ ደቦ ጠርቼ ያስዘጋሁብሽ» እያለች እህል አልወርድ ብሏታል። ክቡር ሆይ፣ ቁጥሬን ባይከፍቱልኝ እንኳ ጥፋቱ የእርሷ አለመሆኑን በአንድ መስመር ይለጥፉልኝ።

ሰርቨርዎ ከሙቀት፣ እርስዎም ከሰው ብዛት ተጠብቃችሁ ትኖሩ ዘንድ ከልቧ የምትመኝልዎ፣
ማንነቷ ያልታወቀው ኃይል፣
ሰገነት ምስክር

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ነገ ጠዋት እየፈራሁም ቢሆን ቢሮዎ ገብቼ ይህንኑ በአፌ ልነግርዎ ቆርጫለሁ። ሐሳቤ ብቻዬን ልመጣ ነበር። መምሬ ግን ሰምተው «ብቻሽንማ አትሄጂም» ብለዋል፤ እናቴም ይኸው ንፍሮ ዘፍዝፋለች። ማራገቢያውን ወደ በሩ ቢያዞሩት ይሻላል።